ፋጡማ ያማተበችበት ኬላ

ከቤት የወጣን ማታ አባባ ሰዒድ ታንኳቸውን ከሐይቁ እያወጡ ነበር። ታንኳ እንደምታውቁት ደንገል ነው፣ ውኃ ይጠጣል። ሲመሽ ወጥቶ ዳር ላይ በቁሙ ካልተደገፈ ይከብድና ይበሰብሳል። ውኃ የጠገበ ታንኳ ብቻውን የሚያነሣ ሰው ደግሞ ወገቡን ይሰጣል። ስለዚህ ልጃቸው ሀያት እንደ ሁልጊዜው ከኋላ ጫፉን ይዛ ትገፋለች፣ እኔ ፌስታሌን አንጠልጥዬ ዋርካው ሥር ቆሜ እጠብቃታለሁ።

«አባባ፣» አለቻቸው እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ «ነገ ብቻዎን እንዳያነሷት። ጎረቤት ይጥሩ።»

«አንቺ የት ሄደሽ ነው?»

«የትም። እንዲያው ነው።»

«እንዲያው ብሎ ነገር!» አሉና ሳቁ። ከዚያ መረባቸውን ማራገፍ ያዙ።

ስንብቱ ይኸው ነው። እኔማ ለእናቴ ይህንንም አላልሁ። ወጡን ጠብቂልኝ ብላ ትታው በወጣችው ድስት ላይ ውኃ ጨምሬ፣ ክዳኑን ገጥሜ ወጣሁ።

ሀያትና እኔ አብረን ተምረን፣ አብረን አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን፣ አብረን ውጤት ያልመጣልን ነን። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ በር ላይ ለተማሪዎች የድንች ቺፕስ እንጠብስ ነበር። ውጤት የመጣላቸው እየመጡ ቺፕሳችንን በሚጥሚጣ እየበሉ ስለ ፈተና ያማርራሉ፤ እኛ ዘይቱን እያየን እንሰማለን። ይህን ሁለት ዓመት ሰምቶ መሄድ የማያምረው ካለ እሱ ከእኔ ይሻላል።

ያስወጣችን እትዬ ማንጠግቦሽ ናት። እኛ ሰፈር ዓባይ ማዶ «ደላላ» አይባልም፤ «ሰው ታውቃለች» ነው የሚባለው። እትዬ ማንጠግቦሽ ሰው ታውቅ ነበር። ከዚያም በላይ የእናቴ ማኅበርተኛ ናት። በወር በወር በማርያም ቀን ከአንድ ጽዋ ጠጥተዋል፣ እናቴ ስትታመም ገንፎ አገንፍታ የመጣች እሷ ናት። ልጅ ሆኜ ጆሮዬን የበሳችኝም እሷ ናት።

«ጥሩዓለም፣ ሱዳን ላይ ክርስቲያን ከሆንሽ ያስቸግራል» አለችኝ። «ይኸው በሰጠሁሽ መታወቂያ ላይ ፋጡማ ነሽ። ክርሽን ከአንገትሽ አውልቂ፤ ማርያም ታውቅልሻለች።»

ማተቤን ፈትቼ ወገቤ ላይ ከውስጥ አሠርሁት። ሀያት ትርፍ ሒጃቧን ሰጠችኝ። የመጀመሪያዋን ሌሊት እንፍራንዝ አንድ የገበሬ ቤት ስናድር አሰካኩን አስተማረችኝ። «አሰላሙ ዓለይኩም» ሲሉኝ እንዴት እንደምመልስ ስታለማምደኝ እኔ ሁሌ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልሁ ትፈርሳለች በሳቅ። «አንቺ ፋጡማ አይደለሽም፣» ትላለች፣ «ፋጡማን የበላሽ ጅብ ነሽ።»

ጠዋት ሚኒባስ ላይ ሲጭነን ሾፌሩ እንዳንተዋወቅ ነገረን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወንበር። ጎንደርን ጥግ ጥጉን አልፈን በመተማ መንገድ ወረድን። ቆላው ሲጀምር ሙቀቱ ባሕር ዳር ሚያዝያ ላይ ከሚያንገበግበው ብሶ ወገቤ ላይ ያለው ክር በላብ ራሰ። ኬላ ደረስን። መኪናው ገመዱ ጋ ቆመ። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ መታወቂያ መሰብሰብ ጀመረ፣ የእኔን አየ፣ መለሰልኝ። አለቀ፣ አለፍሁ።

ከመንገዱ ማዶ ግን ዛፍ የከበበው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጉልላቱን አየሁት። እጄ እኔን አልጠየቀኝም። ግንባሬ፣ ደረቴ፣ ግራ ትከሻዬ፣ ቀኝ ትከሻዬ። ጎንበስ አልሁ። ቀና ስል ፖሊሱ አጠገቤ ቆሞ ያየኛል።

«እህት፣ ስምሽ ማን ነበር?»

«ፋጡማ።»

«ፋጡማ ለማን ነው ያማተበችው?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። አንዲት ሽንኩርት የጫነች ሴትዮ «ወይ እመቤቴ!» ብላ እሷም አማተበች። እኔም ልስቅ ነበር መሰለኝ።

«ውረጂ» አለኝ። «ከማን ጋር ነሽ?»

ያኔ ሀያትን በጣቴ አሳየሁ። ሁለታችንንም ያወርደናል፣ አብረን እንመለሳለን፣ አባባ ሰዒድ ይቆጡናል፣ ያልቃል ብዬ ነው። ፖሊሱ ወደ ፊት ሄዶ ሀያትን ጠየቃት። መታወቂያዋ የራሷ ነው፣ ስሟ የራሷ ነው፣ ገንዳ ውኃ አክስቴ ሠርግ አለባት አለች።

«ይችን ልጅ ታውቂያታለሽ?»

ዞራ አየችኝ። ፈርታም አልነበረም፤ እንዳታበላሺብኝ ብላ እንደምትለማመጥ ነበር ዓይኗ።

«አላውቃትም» አለች።

መኪናው ሄደ። ከሀያት አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይህ ነው።

*

መንግሥት እኛን ለማዳን ብዙ ይሠራል፣ ውሸት አልናገርም። ከኬላው ባሕር ዳር ድረስ በነፃ መልሰውኛል። ጣቢያ ውስጥ ያገኘኋት ሴት ፖሊስ ምሳዋን አካፍላኛለች። ከዚያ ግን «ተመላሽ» ሆንሁ። ተመላሽ ማለት ስብሰባ ሲኖር የሚጠራ ሰው ማለት ነው። ቲሸርት ይሰጥሻል፣ «ሕገወጥ ስደት ይብቃ» የሚል፤ መጠኑ ሁሌ ለወንድ ነው። የታሸገ ውኃ ይሰጥሻል። ከዚያ ልምድሽን ታካፍያለሽ።

«ምን ብዬ?» አልሁት የሚያስተባብረውን ልጅ።

«ያሳለፍሽውን ስቃይ።»

«ያየሁት ስቃይ ኬላው ላይ መውረዴ ነው። ያለፈችዋን ፈልጓት።»

«እሱን አትበይ፣ አስተማሪ አይደለም።»

አባባ ሰዒድ በየቀኑ እየመጡ ቤታችን በር ላይ ይቆማሉ። አይገቡም። «ደወለች?» ይላሉ። አልደወለችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጀመሪያው ወር፣ ከማያውቁት ቁጥር ተደውሎ ሴት ልጅ «አባባ» ብላ ተቋርጧል። መልሰው ሲደውሉ አይሠራም። እኔ ጋ የሚመጡት እኔ ያለችበትን የማውቅ መስሏቸው አይደለም። እኔን ሲያዩ እሷ በቅርቡ የወጣች ይመስላቸዋል፣ ለዚያ ነው።

የሰፈራችን ስብሰባ ቀን አዳራሹ ሞላ። ባለሥልጣኑ ተናገረ፣ ድራማ ታየ፣ ከዚያ እኔ ከነቲሸርቴ ወጣሁ። ቀና ስል ፊት መስመር ላይ እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። የሴቶች ተወካይ ሆና ተጠርታ ነው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ በእናትነት ታየኛለች፣ አይዞሽ እንደማለት።

«ለታናናሾችሽ ምን ትመክሪያለሽ?» አለኝ ባለሥልጣኑ፣ ማይኩን እያስጠጋልኝ።

«እኔ መካሪ አይደለሁም» አልሁ። «ደላላ ከፈለጋችሁ ግን ፊታችሁ ተቀምጣለች። ሀያት ሰዒድን የት እንዳደረሰቻት ጠይቁልኝ።»

ማይኩ ጮኸ። እትዬ ማንጠግቦሽ አልደነገጠችም። «ልጅቷ ከመንገዱ ወዲህ ጤና የላትም» አለች ለጎረቤቷ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። ከኋላ አንዲት እናት ተነሣች፤ ልጇ ካርቱም ቀርታባታለች። «የእኔንስ?» አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው የመንግሥት አልነበረም።

በሳምንቱ እትዬ ማንጠግቦሽ ታሰረች። ዐቃቤ ሕጓ ወጣት ሴት ናት፣ ፈጣን፣ ጫማዋ ሁሌ አቧራ የለበሰ። እንዲህ ብላ ነገረችኝ፦ «ሌሎቹ እናቶች ያውቃሉ፣ ግን አላዩም። መታወቂያውን ከእጇ የተቀበልሽ አንቺ ነሽ። አንቺ ከቀረሽ ትወጣለች።»

«ከታሰረች የሀያትን ቦታ ትናገራለች?»

«ልዋሽሽ አልችልም» አለች። «ካልታሰረች ግን ለምን ትናገራለች?»

ይህንን ሳስብ ነው ሽማግሌዎቹ የመጡት። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት የጽዋው አለቃ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ደግሞም የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሥላሴ። አባ ከደሴቱ ገዳም በጀልባ ነው የሚመጡት፤ ለቅሶ ወይም ክርስትና ሳይኖር ሲመጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ እግራቸውን ልታጥብ ተነሣች፣ ሙሴው «ተይው፣ መጀመሪያ ነገሩ» አላት።

ነገሩ እርቅ ነው። ቃልሽን አንሺ፣ ከአንድ ጽዋ የጠጣ ሰው በችሎት አይካሰስም፣ ማንጠግቦሽ ስትፈታ ልጅቷን በዘመድ በወዳጅ ታፈላልጋለች።

«አሁን ታስራም ስልክ አላት ይባላል፣» አልሁ፣ «ለምን አሁን አታፈላልግም?»

«ተይ፣ አፍሽን ያዢ» አለች እናቴ።

አባ እስከዚያ መሬት መሬት ያዩ ነበር። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔ ሕግ አላውቅም። እናትሽንና ያችን ሴትዮ ባንድ ቀን ነው ያቆረብኋቸው። ይህ ማኅበር ከሚፈርስ…» ተነሡ። መስቀላቸውን አወጡ። «በእርቅ እንጂ በችሎት በእሷ ላይ ቃል እንዳትሰጪ ገዝቼሻለሁ» አሉ። እናቴ ጮኸች። ግዝት ምን እንደሆነ ለምታውቁት አልነግርም፤ ለማታውቁት፣ የገዘተው ቄስ ራሱ ካልፈታው ሌላ የሚፈታው የለም። ቅዳሴው ውጭ ቆመሽ የሚያልቅብሽ ነገር ነው።

ሙሴው ሲወጣ በሩ ላይ አባባ ሰዒድ ቆመዋል። ሰምተዋል።

«እኛ ዘንድ ደግሞ የሚገዝት የለም» አሉኝ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ። «ግን አንቺን መስክሪ አልልሽም። የእኔ ልጅ አንዷ ጠፍታለች። ለእናትሽ አንቺም እንዳትጠፊ።»

እንዲህ ባይሉኝ ምናልባት እቀር ነበር። ሄጄ መሰከርሁ። ዳኛው ፊት፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ፣ ጆሮዬን ከመብሳቷ በቀር ሁሉንም ተናገርሁ። ተፈረደባት። ፍርዱ በሬድዮ ተነገረ፣ ለሕገወጥ አዘዋዋሪዎች ትምህርት ይሆናል ተብሎ። ስለ ሀያት ስትጠየቅ «እኔ እስከ ገላባት ነው የማውቀው» አለች። ገላባት ከመተማ ድንበር ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ናት።

የማርያም ዕለት እናቴ ተረኛ ነበረች። ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ተደፍቷል። ማንም አልመጣም። ጽዋው በሌላ ቤት አልፏል። እናቴ እስከ ማታ ሰው ይመጣል ብላ በሩን ሳትዘጋ ቆየች። በማግሥቱ ዳቦውን ለተማሪ ቤት ልጆች ሰጠችው።

*

ሁለተኛው መውጣቴ በሕግ ነው። የቀበሌው ሰው ራሱ ነው የመከረኝ፦ «አንቺ አርአያ ነሽ፣ በሕጋዊው መንገድ ሂጂ።» አርአያ ሆኜ ሰፈር መቀመጥ ስላልቻልሁ ሄድሁ።

ሥልጠና አለው። እቃ ማጠቢያ ማሽን፣ ቫኪዩም፣ ሽማግሌ ማገላበጥ። መብራት ጠፍቶ ነበርና አስተማሪዋ ቫኪዩሙን ሳትሰካ አስያዘችን።

«እንደሚሠራ አድርጋችሁ ግፉ!»

«ድምፁንስ እናውጣ?» አልኋት።

«ለምን ታሾፊያለሽ? ዐረቦቹ ዘንድ እንዲህ ካልሽ በማግሥቱ ነው የሚመልሱሽ።»

ምዘናውን አለፍሁ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ በአውሮፕላን ሄድሁ። አማን፣ ዮርዳኖስ። አየር ማረፊያው ላይ የኤጀንሲው ሰውዬ በአንዲት አገሬ ልጅ አስተርጓሚነት ተቀበለኝ።

«ፓስፖርትሽን ስጪ ይላል።»

«ለምን?»

«ለደኅንነትሽ።»

«ከማን?»

ተረጎመችለት። ሰውዬው ሳቀ፣ እጁን ግን አላጠፈም። ሰጠሁት። ሀያት በሕገወጥ መንገድ ሄዳ፣ እኔ በሕጋዊው መጥቼ፣ የሁለታችንም ወረቀት ቢፈለግ የሰው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገኘው። እኔ ግን ኮንትራት አለኝ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ የምጮህበት ስልክ ቁጥርም ሰጥተውኛል፤ ለእሷ ማን ሰጣት እያልሁ ራሴን አስታርቃለሁ። የምሠራላት ማዳም አትመታኝም። ደመወዜ ቢዘገይም ይመጣል። ይህንን የምጽፈው የምትመጡ ካላችሁ እንድታውቁ ነው፤ ከመንገዱ ይሻላል፤ ጥሩ ነው ግን አላልሁም።

አማን ኮረብታ ላይ ኮረብታ፣ ሁሉም ቤት ነጭ ድንጋይ። ክረምቷ በረዶ ይጥላል፤ የሚያምረው በመስኮት ነው፣ ደረጃውን የሚጠርገው ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ኹብዝ የሚሉት ቂጣ በዘይትና በዛእተር ነው፣ ዛእተር እንደ ጦስኝ የደረቀ ቅጠል ነው፣ ስቀምሰው አፌ ጦስኝ ይላል፣ ሆዴ አላውቀውም ይላል። ዓሣ የሚበላው ፋብሪካ አጥቦት፣ ራስ የለው ጅራት የለው፣ በረዶ ሆኖ ነው። እኔ ቆሮሶ ከመረብ ሲወጣ ሲዘል ያየሁ ሰው ይህንን ምን ብዬ ዓሣ ልበለው?

ግን ከሁሉ የሚያስቀኝ ውኃው ነው። ውኃ የሚለቀቀው በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ ጣራ ላይ በጋን ይጠራቀማል። ማዳም ቧንቧው ሲንጠባጠብ ከሰማች «ኻላስ! ማይ! ማይ!» እያለች ትመጣለች፤ በቃ፣ ውኃው፣ ውኃው ማለቷ ነው። እኔ የጣና ልጅ ውኃ አባከንሽ ተብዬ እሰደባለሁ። በዐረብኛ መመለስ ስላልቻልሁ በአማርኛ «እናንተን አንድ ቀን ሐይቃችን ዳር አቁሜ» እላለሁ። «ሹ?» ትላለች። «ምንም» እላለሁ።

ስልክ የሚፈቀድልኝ ዓርብ ከሰዓት ነው። መጀመሪያ ለእናቴ እደውላለሁ፤ «ደኅና ነሽ?» ትላለች፣ «ደኅና ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ጽዋው ዘንድሮም እንዳልደረሳት አናነሣም። ቀጥሎ ለአባባ ሰዒድ እደውላለሁ። የሱዳን ጦርነት ዜና ሰምተው እኔ እንዳስረዳቸው ይጠይቁኛል፣ ዮርዳኖስና ሱዳን ጎረቤት የሆኑ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ዓርብ ግን እሳቸው ቀድመው ደወሉ።

«ሰዎች መጥተውብኛል» አሉ። «ሐይቁ ዳር ተቀምጠናል። ሼኩም አሉ፣ የእናንተም አባ አሉ። ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ልክፈተው?»

ነገሩን ነገሩኝ። ማንጠግቦሽ ከእስር ለመፈታት መንግሥትን ይቅርታ ጠይቃለች። ይቅርታው የሚታየው ደግሞ ከተበዳይ ጋር መታረቋ በሽማግሌ ሲረጋገጥ ነው። ተበዳይ ማለት አባባ ሰዒድና እኔ ነን። እሳቸው እሺም እምቢም ሳይሉ እኔን እየጠበቁ ነው። ከታረቅን፣ ሀያትን የተረከበውን ሰው ስም እናገራለሁ ብላለች።

«እስከ ገላባት ነው የማውቀው ብላ አልነበር?» አልሁ።

ከዚያ የሙሴው ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ ያለፈውን አንቆፍር። ታርቀሻል ወይ?»

«መጀመሪያ ትናገር፣ ከዚያ እታረቃለሁ።»

«እርቅ እንደ ባጃጅ ሒሳብ ሲወርዱ አይከፈልም» አለኝ። የሆነ ሰው ሳል አለ። «ታርቀሻል ወይ?»

ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ነበር፣ እጄ አረፋ ነው። ያችን የካርቱሟን እናት አሰብኋት። እትዬ ማንጠግቦሽ ከተፈታች በማግሥቱ ሰው ማወቅ ትጀምራለች። ዐቃቤ ሕጓን አሰብኋት፣ ከነአቧራዋ። አባባ ሰዒድ አልለመኑኝም። ቢለምኑኝ እምቢ ማለት እችል ነበር።

«አባባ ሰዒድ፣ እርስዎ ምን አሉ?»

«እኔ ልጄን ነው የምፈልገው፣» አሉ፣ «ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ታርቀሻል ወይ?» አለ ሙሴው ለሦስተኛ ጊዜ።

«ታርቄያለሁ» አልሁ። ልቤ አልታረቀም፣ እዚህ ጽፌዋለሁ፣ እነሱም ቢያነቡት ግድ የለኝም።

ዕልል ያለ የለም። ሼኩ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ አባ ገብረ ሥላሴ ስልኩን ተቀበሉ። አርጅተዋል፣ ትንፋሻቸው ይሰማል። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ» አሉ። «እኔንም ይፍታኝ።» እርጥብ እጄ እንደ ኬላው ጊዜ ሳይጠይቀኝ ተነሣ፣ አማተብሁ። ግንባሬ ላይ አረፋ ቀረ።

ሰዎቹ ሲሄዱ አባባ ሰዒድ ብቻቸውን ቀሩ።

«እሑድ ማረሚያ ቤት ሄደው ይጠይቋታል» አሉ።

«ከነገረቻቸውስ?»

«እሄዳለኋ።»

«የት?»

«ወዳለችበት።»

«ባትነግራቸውስ፣ አባባ?»

«መሽቷል፣» አሉ፣ «ታንኳዋን ላውጣ። ዓርብ ደውዪ።»

«ብቻዎን እንዳያነሷት» አልሁ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የሰማሁት። እሳቸውም ሰምተውታል።

«እንዲያው ብሎ ነገር» አሉ።

ስልኩን ሳይዘጉት ኪሳቸው ከተቱት መሰለኝ። ደንገሉ አሸዋው ላይ ሲጎተት ይሰማኛል፣ ይቆማል፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ደግሞ ይጎተታል። ከኋላዬ ማዳም «ጥሩዓለም! ማይ!» እያለች ትጮሃለች፣ ቧንቧውን ክፍት ትቼዋለሁ። በአንድ እጄ ዘጋሁትና ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ቆምሁ፣ ታንኳዋ ወጥታ እስክትቆም።